የእማዬ መንገድ በክር ሲለካ

እማዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዋሽንግተን ልትበር ነው። «ስንት ሰዓት ነው የምቀመጠው?» ብትለኝ፣ ዛሬ የልጄን የምድር ሉል አውጥቼ ከመቀነቷ የተመዘዘ ክር ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ወጠርኩበት፤ 27 ሴንቲ ሜትር። የሉሉ ወገብ ዙሪያው 94 ነው፤ የእውነተኛዋ ምድር 40,000 ኪሎ ሜትር። ስለዚህ ወደ 11,500 ኪሎ ሜትር! ክሩ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ስፔንን አቋርጦ አትላንቲክ ላይ መውጣቱ እንዴት ደነቀኝ!

በሰዓት 900 ቢበር 13 ሰዓት ገደማ ነው። ቲኬቷ ላይ ያለው ግን ከዚያ ይበልጣል፤ ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ስለሚበልጥ አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ይከብደዋል። መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል። ነፋሱም ከፊት ይመጣል።

«እንግዲያው ስመለስ ይቀላል» አለች፣ ክሩን በጣቷ እየጠቀለለች። ልክ ናት።