አራተኛዋን ቀን የምትወስነው ጨረቃ ናት

ለትምህርት ሕንድ አገር ፑኔ ከተማ ሳለሁ የተከራየሁት የአንዲት አሮጊት ቤት ነበር። ሰፈሩ ሁሉ «ካኩ» ይላቸዋል፤ በማራቲ አክስት እንደማለት ነው፤ እኔም እንደዚያው እጠራቸው ነበር። ካኩ በየወሩ አንድ ቀን ለጋኔሻ ይጾማሉ፤ የዝሆን ራስ ላለው፣ እንቅፋትን ያነሣል ብለው ለሚያምኑበት አምላካቸው። ቀኑ ሳንካሽቲ ቻቱርቲ ይባላል፤ ጨረቃ ሞልታ መጉደል ከጀመረች በኋላ አራተኛው ቀን ነው። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። ግን ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው፣ ለጋኔሻ የሚቀርበውን ዱርቫ የሚባል ሣር ከገበያ የማመጣላቸው እኔ ነበርኩ፤ 21 ዘለላ ተቆጥሮ ይቀርባል።

ልጅ ሆኜ ቄስ ትምህርት ቤት ባሕረ ሐሳብ ትንሽ ቀምሻለሁና ጨረቃ መቁጠር አይከብደኝም ብዬ ነበር። ከሙሉ ጨረቃ ማግስት ጀምሬ አራት ቆጠርኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፓንቻንግ፣ የሂንዱዎችን የቀን መቁጠሪያ፣ ሳየውም ያንኑ ቀን «አራተኛ» ይለዋል። በዕለቱ ጠዋት ሣሩን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ስገባ ካኩ ሻይ በዳቦ እየቀመሱ ነው። ለካ ጾሙ ትናንት ነበር፤ ያለ ሣር ጸልየው ማታውኑ ፈትተዋል። ሣሩን ተቀብለው ምንም ሳይሉ ጋኔሻው እግር ሥር አኖሩት። አንጀቴ ተላወሰ።

ማታ ፓንቻንጉን አውርደው አስረዱኝ። ቲቲ የሚሉት የጨረቃ ቀን ከፀሐይ ቀን ጋር አብሮ አይነጋም። ጨረቃ ከፀሐይ 12 ዲግሪ በራቀች ቁጥር አንድ ቲቲ ያልቃል፤ በወር 30 ናቸው። ጨረቃ አንዴ ፈጠን አንዴ ዘግየት ስለምትል አንዱ ቲቲ 19 ሰዓት ገደማ ሲሆን ሌላው 26 ይደርሳል። የኛው ባሕረ ሐሳብ ወሩን 30 እና 29 እያፈራረቀ ስለሚሄድ በጣት ይቆጠራል፤ የነሱ ሰማይ ላይ ያለችውን ጨረቃ ራሷን ይከተላል። በዚያ ወር አራተኛው ቲቲ ከሰዓት በኋላ ገብቶ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ወጣ። ፓንቻንጉ ቀኑን የሚሰይመው ፀሐይ ስትወጣ ባለው ቲቲ ስለሆነ ሁለተኛውን ቀን «አራተኛ» አለው። ሳንካሽቲ ግን የሚያዘው ጨረቃ ስትወጣ አራተኛው ቲቲ ባለበት ምሽት ነው፤ ያ ደግሞ የፊተኛው ቀን ነበር።

ትልቁ የጋኔሻ በዓል፣ ጋኔሽ ቻቱርቲ፣ ሌላ ሕግ አለው። እሱ ባድራፓድ በሚባለው ወር ጨረቃ ገና እየሞላች ሳለች በአራተኛው ቲቲ ይውላል፤ ቀኑን የሚወስነውም እኩለ ቀን ላይ ያለው ቲቲ ነው። በዚያ ምሽት ጨረቃን ማየት ክልክል ነው። በሳንካሽቲ ጨረቃ ሳይታይ አይበላም፣ በዚህኛው ጨረቃ አይታይም፤ ሁለቱም «አራተኛ» ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር ሳላይ ገበያ አልወጣም፦ ቲቲው የሚገባበትንና የሚወጣበትን ሰዓት፣ ከዚያም የፑኔን የጨረቃ መውጫ። የሌላ ከተማ አይሆንም። ሳንካሽቲ ማክሰኞ ላይ ከዋለ አንጋራኪ ይባላል፤ ከሁሉም የከበረ ስለሆነ ቤተ መቅደሱ በሰው ይጨናነቃል፤ ያን ጊዜ ሣሩን በዋዜማው እገዛለሁ።

ጾማቸውም ከኛ ይለያል። ወተት ይፈቀዳል፣ እህል አይነካም። ጨረቃ አብዛኛውን ጊዜ ከምሽቱ 2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ውስጥ ትወጣለች፤ ካኩ ሰገነት ላይ ወጥተው ውሃ አፍስሰውላት ይወርዳሉ። በክረምት ደመና ሲሸፍናት ፓንቻንጉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ጠብቀው ወደ ምሥራቅ ዞረው ያፈሳሉ። እኔ ፋኖሱን ይዤ ከኋላቸው እቆማለሁ። ስንወርድ በእንፋሎት የበሰለው ሞዳክ፣ ኮኮናትና ጥቁር ስኳር የተሞላው፣ ክዳኑ ሥር እንደሞቀ ይጠብቀናል።