«ኤንድ ዩ?» ከተባለ በኋላ

ለማስተርስ ትምህርት ጃፓን፣ ፉኩኦካ ከተማ በነበርኩበት ጊዜ፣ ማታ ማታ በአንድ ጁኩ የእንግሊዝኛ ንግግር አስተምር ነበር። ጁኩ ማለት ልጆች ከመደበኛው ትምህርት በኋላ የሚሄዱበት፣ ወላጅ የሚከፍልበት የማጠናከሪያ ትምህርት ቤት ነው። ፈቃዱ አላስቸገረኝም፤ ኢሚግሬሽን የመኖሪያ ካርዴ ጀርባ ላይ ማኅተም መታልኝና በሳምንት እስከ 28 ሰዓት መሥራት ቻልኩ። ይህን የምጽፈው ያኔ አንድ ሰው አስቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ አንድ ልጅ ስለማላስቀይም ነው።

ተማሪዎቼ የ14 እና የ15 ዓመት ልጆች ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን «ሃው አር ዩ?» ስላቸው ሁሉም በአንድ ድምፅ «አይም ፋይን፣ ታንክ ዩ፣ ኤንድ ዩ?» አሉኝ። «አይም ታየርድ» ብዬ ስመልስ ግን ክፍሉ ጸጥ አለ፤ የሸመደዱት አብነት እዚያ ላይ ያበቃል። አጠራራቸው ላይ ብዙ አልቆየሁም። ጃፓንኛ ከ«ን» በቀር ቃልን ያለ አናባቢ ስለማይጨርስ «ሚልክ» «ሚሩኩ» ይሆናል፤ ይህ በጊዜ ይስተካከላል።

ያበላሸሁት ሌላውን ነው። ጁኩው የሰጠኝ መመሪያ ክፍል ውስጥ ጃፓንኛ እንዳይነገርና እያንዳንዱ ተማሪ በስሙ ተጠርቶ ለብቻው እንዲመልስ ያዝዝ ነበር። የጃፓን ትምህርት ሚኒስቴርም ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው ሥርዓተ ትምህርት፣ በዚህ ዕድሜ ላሉ ተማሪዎች የእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ በመሠረቱ በእንግሊዝኛ እንዲሰጥ ስለሚል፣ መመሪያውን ሳልጠራጠር ተከተልኩት።

በሦስተኛው ሳምንት በመስኮቱ በኩል የሚቀመጠውን የቤዝቦል ተጫዋች ልጅ ጠርቼ «ዋት ዲድ ዩ ዱ ላስት ሰንዴይ?» አልኩት። ተነሣና ወደ ጎረቤቱ ዞሮ በጃፓንኛ አንሾካሾከ። ከለከልኩት። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በጥርሶቹ መካከል አየር ሳበ፤ ላጲሱን በጡጫው ጨብጦ ቆመ። ያልገባው መስሎኝ ጥያቄውን ቀስ ብዬ፣ ድምፄንም ከፍ አድርጌ ደገምኩት። ጆሮው ቀላ። አንድ ደቂቃ ያህል እንዲህ ካቆምኩት በኋላ «ሶሪ» ብሎ ተቀመጠ።

ያን ዕለት ማታ የሰበሰብኳቸውን ደብተሮች ሳርም የእርሱን ከፈትኩ። «አይ ፕሌይድ ቤዝቦል። ዊ ሎስት። ኤንድ ዩ?» ይላል። «ሎስት» የሚለውን ሁለት ጊዜ ጽፎ አጥፍቶ ነበርና ወረቀቱ ሳስቷል። መልሱን ያውቀው ነበር፤ በሰው ፊት ከመናገሩ በፊት ትክክል መሆኑን ጓደኛውን ሊጠይቅ ፈልጎ ኖሯል። እኔም ልጅ ሳለሁ ተሳስቼ እንዳይሳቅብኝ ፈርቼ አንገቴን ደፍቼ የቆምኩባቸው ቀናት ስላሉ፣ ይህን ለማወቅ ጃፓናዊ መሆን አያስፈልገኝም ነበር። ልጁ ዳግመኛ አልመጣም። ኃላፊው «ጥረት ይጎድለዋል፤ አንተ በመመሪያው ቀጥል» አለኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል፤ ከእርሱ ይልቅ ግን በራሴ አዝናለሁ።

ከዚያ በኋላ መመሪያውን ተውኩት፤ ማንም የሚያስተምር እንዲተወው እመክራለሁ። ከጥያቄው በኋላ ሁለት ደቂቃ ከጎረቤታቸው ጋር በጃፓንኛ ይመካከሩ፤ ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይነጋገሩ፤ ለክፍሉ የሚናገር በፈቃዱ ይናገር። አብነቱም በ«ፋይን» አይቁም፦ መልስ፣ አንድ ተጨማሪ ነገር፣ ከዚያ ጥያቄውን መመለስ። ሲያስቡ «ኤቶ» የሚሉትን ያህል «ሌት ሚ ሲ» ማለትን ከመጀመሪያው ቀን አስተምሯቸው፤ ዝምታውን የሚሸፍንላቸው እርሱ ነው። እየነቀነቁ «ሃይ» ሲሉም እየሰማሁህ ነው ማለታቸው እንጂ ገብቶኛል ወይም ተስማምቻለሁ ማለታቸው ላይሆን ይችላል።

አማርኛችን የሚጠቅመንም ቦታ አለ። «ዶንት ዩ ላይክ ኮፊ?» ሲባሉ «የስ» የሚሉት እኛ «አትወድም?» ስንባል «አዎ፣ አልወድም» እንደምንለው ነው። ግሣቸውም እንደእኛው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ስለዚህ «አይ ቤዝቦል ፕሌይድ» ሲሉ ከየት እንደመጣ ወዲያው ይገባኝ ነበር፤ ሰሌዳው ላይ «ቤዝቦል»ን በቀስት ወደ ኋላ ወስጄ አሳያቸዋለሁ።

የልጁን ደብተር እንዲልኩለት ለቢሮው ሰጠሁ። «ኤንድ ዩ?» ከሚለው ሥር የእኔ እሑድ እንዴት እንደዋለ በሦስት መስመር ጽፌበት ነበር።