ያልተከፈለች አንድ ሳንቲም

ጉሙ ከሰዓት ጀምሮ ደብረ ብርሃን ላይ ተኝቶ እኔም አብሬው ቅዝዝ ብዬ ዋልኩ። ሻማ ልገዛ ስወጣ ጋሼ ዝርዝር የለም ብለው በመልሱ ፈንታ ከረሜላ ሰጡኝ፣ አልከፋኝም ግን ከዛ ወዲህ ያቺ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ያመጣችልኝ የመዳብ ሳንቲም ከሀሳቤ አልወጣ አለች።

ሳንቲሟ የአሜሪካኖቹ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ ናት (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)፣ 1862 ላይ ሰዉ ወርቅና ብሩን ደብቆ ሲጨርስ የአንድ ሳንቲሟንም መደበቅ ጀመረ፣ ገበያው ዝርዝር አጥቶ ቴምብር ሁሉ እንደ ገንዘብ ይዞር ነበር፣ ሙጫ ያለው ቴምብር በላብ እጅ አስቡት። በኋላ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ሳንቲም አሰሩ። ባለግሮሰሪው፣ ጫማ ሰሪው፣ ባለመጠጥ ቤቱ፣ ስሙንና ሰፈሩን መዳብ ላይ አስመትቶ። ወደ 25 ሚሊዮን ይገመታል። ይሄ ነው እኔን የሚገርመኝ፣ ከረሜላ ስም የለውም፣ ነገ መልሼ ብወስደው ማንም አይቀበለኝም፣ እነዚያ ግን የአንድ ሳንቲም እዳ ላይ ስማቸውን አስቀመጡ!

ሁሉም አላከበረውም። ኒውዮርክ ውስጥ ሊንደንሙለር የሚባል ባለመጠጥ ቤት ብቻውን ከአንድ ሚሊዮን በላይ አሰራጨ፣ ሰው በፈረስ የሚጎተት ትራም ላይ ሳይቀር ይከፍልበት ነበር፣ የትራም ኩባንያው ሰብስቦ በእውነተኛ ገንዘብ ቀይርልኝ ሲለው እምቢ አለ ይባላል። 1864 ላይ መንግስት በህግ ከለከለው፣ ልክ ነው እላለሁ፣ ግን በሊንደንሙለር የተነሳ ታማኞቹም አብረው መቅረታቸው ያሳዝነኛል።

እኛ ጋ ድሮ አልዩ አምባ ገበያ ላይ ማርትሬዛ (ትልቁ የብር ገንዘብ) ለትንሽ ግዢ ሲከብድ አሞሌ ጨው ነበር ዝርዝሩ። አሞሌ የማንንም ቃል አይፈልግም፣ ገበያው ቢፈርስ እንኳ ወጥ ውስጥ ይገባል። መዳቧ ግን ባለሱቁ ቃሉን ካጠፈ ምንም ናት፣ ለዛ ነው ከአሞሌ በላይ የምወዳት መሰለኝ።

አሁን ማታ ላይ የገባኝ ነገር ግን እንቅልፍ ነሳኝ። የኔዋ የሲንሲናቲ ባለግሮሰሪ ናት፣ እና እኔ እጅ የደረሰችው ማንም ሱቁ ሄዶ ስላልቀየራት ነው አይደል? እዳዋ እስከዛሬ አልተከፈለም ማለት ነው። ታዲያ የመጨረሻው ባለቤት ለምን አልሄደም፣ ሱቁ ተዘግቶ ነው፣ ጦር ሜዳ ቀርቶ ነው ወይስ እንደኔ ወዷት አስቀርቷት?