ለሁሉም ክፍት የሆነ ዳርቻ፦ በቤት መኪና በኦሪገን

ደሴ ውስጥ ልጆቻቸው አሜሪካ የሚኖሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጠይቀዋቸው የተመለሱት ሲያወጉ የምንሰማው አብዛኛውን ጊዜ ስለ ከተማው ስፋት፣ ስለ ገበያ አዳራሾቹና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ነው። እኔና እናቴ ባለፈው ዓመት ነሐሴ ማለቂያ ላይ ፖርትላንድ የምትኖረውን ታላቅ እህቴን ልንጠይቅ ሄደን ሳለ፣ እህቴና ባለቤቷ የቤት መኪና፣ ማለትም ውስጡ የሚታደርበት ተንቀሳቃሽ ቤት፣ ተከራይተው የኦሪገን ግዛትን የፓስፊክ ውቅያኖስ ዳርቻ ከሰሜን ወደ ደቡብ አሳዩን። አሜሪካ ያየሁት ሌላው ሁሉ ተደምሮ ያን ዳርቻ አያህልብኝምና፣ ከዚህ የሚሄድ ሰው እንዲያስብበት ያየሁትንና የተረዳሁትን በጽሑፍ ላቆየው ወደድሁ።

አርቪ የሚሉት ይህ መኪና ውስጡ አልጋ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ መጸዳጃና መታጠቢያ አለው። ለሚያየው የምቾት ዕቃ ይመስላል፤ አብሮት ለሚያድር ሰው ግን እያንዳንዱ ነገር በልክ የሚኖርበት ቤት ነው። ከወለሉ ሥር ሦስት ታንከሮች አሉት፤ በአንደኛው ንጹሕ ውሃ ይያዛል፣ በሁለተኛው የዕቃና የገላ እጣቢ ይጠራቀማል፣ በሦስተኛው የመጸዳጃው ፍሳሽ ይገባል። ንጹሑ ውሃ ካለቀ ወይም እጣቢው ከሞላ ሥራው ሁሉ ይቆማል። ካምፑን፣ ማለትም መኪናው የሚያድርበትን ስፍራ፣ ከመልቀቅ በፊት ፍሳሹ ለዚሁ ተብሎ ወደ ተሠራ ጉድጓድ በወፍራም ቱቦ ይለቀቃል፤ በቅድሚያ የመጸዳጃው፣ ከዚያ እጣቢው ይወርዳል፤ ይህ ቅደም ተከተል የሚጠበቀው እጣቢው ቱቦውን አጥቦት እንዲሄድ ነው። እህቴ ውሃ ስለ መቆጠብ ልታስረዳት ስትጀምር እናቴ «ይኼንንስ ለእኔ ተይው» አለቻት፤ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሮቶና ጀሪካን እያስተዳደረች ልጆች ያሳደገች ሴት ናትና በጉዞው ሁሉ ውሃችን አንድም ቀን ሳይጎድል የኖረው በእርሷ አያያዝ ነበር።

የመንግሥት ፓርኮቹ ካምፖች በጥንቃቄ የተሰናዱ ናቸው። ለእያንዳንዱ መኪና የተስተካከለ መቆሚያ፣ የኤሌክትሪክ ሶኬት፣ የውሃ ቧንቧ፣ የእንጨት ጠረጴዛና እሳት የሚነድበት የብረት ክብ አለው። ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አንድ ሰዓት ጸጥታ ይጠበቃል፤ ጄኔሬተር ማስነሳትም ሆነ ሙዚቃ መክፈት አይፈቀድም። ማገዶ ከሩቅ ይዞ መሄድ አይመከርም፤ እንጨት ውስጥ የተደበቀ ነፍሳት ከአንዱ ጫካ ወደ ሌላው እንዳይሻገር ሲባል ማገዶውን እዚያው አካባቢ ገዝቶ እዚያው ማንደድ ነው ሥርዓቱ። በየካምፑ በራሳቸው የቤት መኪና እየኖሩ እንግዳ የሚቀበሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ ሰዎች እንደሆኑ ተረዳሁ። እናቴ ጀበናዋን ከደሴ ይዛ ነበር። ፍም መኪና ውስጥ ማስገባት በተዘጋ ቤት እንደማንደድ ያለ የሞት አደጋ ስላለው፣ ቡናው ሁልጊዜ የሚፈላው ውጪ እሳቱ ዳር ነበር። ካምፑን የሚጠብቁትን ባልና ሚስት ጠርታ ከአቦል እስከ በረካ አስጠጣቻቸው፤ በመጨረሻም እጇን ዘርግታ ዱዓ አደረገችላቸው፣ እነርሱም ቋንቋውን ባያውቁት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሉ።

ጉዞውን የጀመርነው የኮሎምቢያ ወንዝ ውቅያኖሱን ከሚገናኝበት ከአስቶሪያ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ እስከ ካሊፎርኒያ ወሰን ያለው የኦሪገን ዳርቻ 580 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ከዳር እስከ ዳር የሚከተለው መንገድ ሀይዌይ 101 ይባላል። ፎርት ስቲቨንስ በሚባለው ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1906 አሸዋ ላይ የቀረችው የፒተር አይርዴል መርከብ ዝገት የበላው አጥንቷ እስካሁን ቆሟል፤ ውሃው ሲሸሽ ሰው በእግሩ ይደርስባታል። ከእርሷ በስተደቡብ ካነን ቢች አለ። እዚያ ዳርቻው ላይ ብቻውን የቆመው ሄይስታክ ሮክ 72 ሜትር ገደማ የሚደርስ ቋጥኝ ነው፤ በጸደይና በበጋ መጀመሪያ (የእነርሱ በጋ የእኛ ክረምት ነው) ፓፊን የሚባሉ ቀይ ምንቃር ያላቸው የባሕር ወፎች ይፈለፍሉበታል። እኛ ስንደርስ ወፎቹ ወደ ውቅያኖሱ ሄደው ነበር፤ ከቋጥኙ ሥር በቀሩት ኩሬዎች ግን የባሕር ኮከቦች በድንጋዩ ላይ ተለጥፈው አይተናል።

ይህ ሁሉ ውበት ለማንም ክፍት የሆነበት ምክንያት ግን ከውበቱ ይበልጥ ያስደንቀኛል። እ.ኤ.አ. በ1913 የግዛቱ ገዥ የነበሩት ኦስዋልድ ዌስት የባሕሩ ውሃ ሞልቶ እስከሚደርስበት መስመር ድረስ ያለው ዳርቻ የሕዝብ መንገድ ተብሎ በሕግ እንዲታወጅ አደረጉ፤ በዚያን ጊዜ ሰውና ጋሪ በእርግጥም እርጥቡን አሸዋ እንደ መንገድ ይጠቀሙበት ነበርና ሐሳቡ በቀላሉ አለፈ። ከዚያ በላይ ያለው ደረቅ አሸዋ ግን በሕጉ አልተጠቀሰም። እ.ኤ.አ. በ1966 ካነን ቢች ላይ አንድ የሞቴል ባለቤት ደረቁን አሸዋ ለራሱ እንግዶች ብቻ አጥሮ ሌላውን ሰው ሲከለክል ሕዝቡ ተቆጣ፤ ክርክሩም ምክር ቤት ደርሶ እ.ኤ.አ. በ1967 ገዥው ቶም ማኮል የፈረሙበት ሕግ ወጣ። በዚህ ሕግ ደረቁም አሸዋ እስከ ሣሩ መነሻ ድረስ ሕዝቡ በነፃነት የሚመላለስበት ሆነ። ስለዚህ ዛሬ ውድ ሆቴል የያዘውም ሆነ በአሮጌ መኪና የመጣው በአንዱ አሸዋ ላይ ይቀመጣል። እናቴ የዐስር ሶላቷን ያለ ማንም ከልካይ እዚያው አሸዋው ላይ ሰገደች፤ ቂብላው ከዚያ ወደ ሰሜን ያዘነበለ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ባሕሩ በስተግራዋ ነበር።

መንገዱን በተመለከተ፣ ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሐረጎ የተመላለሰ ሰው ጠመዝማዛው አያስፈራውም። የእህቴ ባል ያደገው ኮምቦልቻ ነው፤ ቁልቁለት ሲመጣ ፍሬን ላይ ሳይንጠለጠል በከባድ ማርሽ የሚወርደው የሐረጎን የጭነት መኪናዎች እያየ በማደጉ ይመስለኛል፤ ለቤት መኪናም ትክክለኛው አነዳድ ይኸው ነው። ከኋላ የሚከተል መኪና ሲበዛ በየማሳለፊያው ዳር ይዞ ማሳለፍ ያስፈልጋል። ወንዞቹ ወደ ባሕር በሚገቡባቸው ቦታዎች ከምናቋርጣቸው ድልድዮች ብዙዎቹ ኮንዴ ማካሎክ የተባሉ መሐንዲስ የነደፏቸው ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1936 ትልልቆቹ አምስት ድልድዮች እስኪጠናቀቁ ድረስ መኪና ወንዞቹን የሚሻገረው በጀልባ ነበር። የኒውፖርቱን የያኪና ቤይ ድልድይ ወርጄ ከሥሩ አይቼዋለሁ፤ ለመሻገሪያ ብቻ የተሠራ ነገር ይህን ያህል መዋቡ ልቤን ነክቶታል።

ዴፖ ቤይ ላይ የዓሣ ነባሪዎች ትንፋሽ ከውሃው ሲፈናጠር አየን። ግራጫ ዓሣ ነባሪዎች በሜክሲኮና በአላስካ መካከል ሲመላለሱ በዚህ ያልፋሉ፤ ጥቂቶቹም በጋውን እዚያው ሲመገቡ ይከርማሉ። ከዚያ በስተደቡብ ካፒቴን ጄምስ ኩክ እ.ኤ.አ. መጋቢት 7 ቀን 1778 አይተው በዕለቱ በምትታሰበው ሰማዕት በፐርፔቱዋ ስም የሰየሙት ኬፕ ፐርፔቱዋ ይገኛል። 240 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው ይህ አምባ በመኪና የሚወጣ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የተሠራ የድንጋይ መጠለያ አለበት። እኛ ስንወጣ ጉሙ ሁሉን ሸፍኖት ነበር። የጦሳ ተራራን ጉም የለመድሁ ሰው ነኝና አልከፋኝም፤ አፈጣጠሩ ግን ከእኛው ይለያል። የእኛ ጉም እርጥብ አየር ገደሉን ሽቅብ ሲወጣ ቀዝቅዞ የሚፈጠር ነው፤ በዚያ ግን በበጋ የሚነፍሰው የሰሜን ነፋስ የላዩን ውሃ ከዳር ሲገፋው ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውሃ ይወጣል፣ እርጥቡ አየርም በዚያ ላይ ሲያልፍ ጉም ይሆናል። በዚሁ ምክንያት ባሕሩ በበጋም ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሆነ ለመዋኘት አይመችም። ከፍሎረንስ ጀምሮ እስከ ኩስ ቤይ የሚዘረጋውን የአሸዋ ኮረብታ ሰንሰለት በመስኮት ብቻ አይተነው አለፍን።

ከወላጅ ጋር የሚሄድ ሰው አንድ ነገር እንዲያውቅ እፈልጋለሁ። በዚያ ዳርቻ ለባሕሩ ጀርባ ሰጥቶ ውሃው አጠገብ መቆም ክልክል ነው ብሎ ማሰብ ይሻላል፤ ከሌሎቹ እጅግ አልፎ ወደ ዳር የሚዘልቅ ድንገተኛ ሞገድ ሰውን ይጥላል፣ ዳር ላይ የተጋደሙትን ግዙፍ ግንዶችም አንስቶ ያንከባልላል። እናቴ የሰገደችው ከእርጥቡ አሸዋ ብዙ ርቃ፣ እኛም ባሕሩን እየጠበቅንላት ነው። በየመንገዱም የሱናሚ ማምለጫ አቅጣጫን የሚያሳዩ ሰማያዊ ምልክቶች አሉ። እ.ኤ.አ. ጥር 26 ቀን 1700 ከዚህ ዳርቻ ማዶ ከባሕሩ ወለል ሥር የተነሣው የመሬት መንቀጥቀጥ ያስነሣው ሱናሚ እስከ ጃፓን ደርሷል፤ ቀኑ የታወቀውም በጃፓን መዛግብት ነው። በ1953 ዓ.ም. ማጀቴን ያፈራረሰውን የካራቆሬን መንቀጥቀጥ ከአባቶቻችን የሰማን ሰዎች ይህን ምልክት በቸልታ አናልፈውም። ካምፕ እንደ ደረስን ወደ ከፍታው የሚወስደውን መንገድ በእግራችን ሄደን እናየው ነበር።

ከተመለስሁ በኋላ ሐይቅ ከተማ በሄድሁ ቁጥር ይህንኑ አስባለሁ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚርቀው በዚያ ሐይቅ ቤተሰብ ዓሣ በልቶ ይመለሳል እንጂ በቦታው ድንኳን ተክሎ ወይም በመኪናው አድሮ ንጋቱን የሚያይበት የተሰናዳ ስፍራ አላጋጠመኝም። የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም፤ የተስተካከለ መሬት፣ የውሃ ቧንቧ፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ፍሳሹ ሐይቁን የማይነካበት ጉድጓድና ደመወዝ የሚከፈለው ጥበቃ ይበቃል። ከሁሉ በፊት ግን ዳርቻው በአጥር ሳይከፋፈል እግረኛ ዙሪያውን የሚሄድበት መተላለፊያ ሊጠበቅለት ይገባል፤ ኦሪገን ላይ ሕጉ የወጣው አንዱ ካጠረ በኋላ ነው፣ ሐይቅ ላይ ግን ቀድሞ ማሰብ ይቻላል።

ለመሄድ ለሚያስብ ሰው ከሁሉ የተሻለው ወር መስከረም ነው፤ ነፋሱ ጋብ ይላል፣ ጉሙ ይቀንሳል፣ የአገሬው ልጆችም ትምህርት ቤት ስለሚገቡ ካምፑ ይቀልላል። የፓርኮቹ ቦታ ከስድስት ወር በፊት ጀምሮ ስለሚያዝ፣ እዚያ ያሉ ልጆች መጋቢት ላይ እንዲያስይዙ መንገር ያስፈልጋል። ባሕሩን ከአልጋ ሆኖ መስማት የሚፈልግ ዳር ዳሩን ይምረጥ፤ ወላጅ ያለው ግን ከነፋሱ ለመጠለል ከዛፎቹ ውስጥ ያሉትን ቦታዎች ቢይዝ ይሻለዋል። ወፍራም ጋቢም ከዚህ ይዞ መሄድ ይገባል፤ ማታ ማታ እሳቱ ዳር ከሁላችን ትከሻ ሳይወርድ የከረመው እርሱ ነው።