ዝሆኑን ፍለጋ፦ የስምንት ወር ማስታወሻ

ከእስልምና በፊት የነበረውን የዐረቢያ ታሪክ በትርፍ ጊዜዬ ማጥናት ከጀመርኩ ስምንት ወር ሆነኝ። በዚህ ዙር የያዘኝ ጥያቄ ቁርአንን እንደ ታሪክ ምንጭ መጥቀስ ይቻላል ወይ የሚለው ነው። ጥያቄው ሰፊ ስለሆነብኝ አንዲት ሱራ (የቁርአን ምዕራፍ) ይዤ ቁጭ አልኩ፤ ሱረቱል ፊል፣ «የዝሆን ምዕራፍ»። ከመድረሳ ጀምሮ በቃሌ የማውቃት፣ አምስት አያ (አንቀጽ) ብቻ ያላት።

መጀመሪያ ስህተቴን ልናገር። ደብተሬ ላይ «አብረሃ መካን ሊያፈርስ ዘመተ፣ 570፤ ምንጭ፦ ቁርአን» ብዬ ጽፌ ነበር፤ አብረሃ የየመን ንጉሥ ነው። ከዚያ ሱራዋን እንደ አዲስ፣ ቀስ ብዬ አነበብኳት። አብረሃ የለም። መካም፣ ዓመቱም የለም። የምትለው «የዝሆኑ ባለቤቶች» ነው። ወፎቹና ድንጋዮቹ አሉ። ሌላውን ሁሉ የጨመርኩት እኔ ነኝ፤ ኡስታዛችን ያወሩልን ሲራ (የነቢዩ የሕይወት ታሪክ) ጆሮዬ ውስጥ ከሱራዋ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል። ግን ልብ በሉ፣ ሱራዋ የምትጀምረው «አላየህምን?» ብላ ነው። ሰሚው ወሬውን ያውቀዋል ማለት ነው። ለታሪክ ፈላጊ ይህቺ ትንሽ ነገር አይደለችም።

ስሙንና ዝርዝሩን የሚሰጡን እነ ሲራ ጸሐፊው ኢብን ኢስሐቅ ናቸው። እሳቸው ያረፉት እ.ኤ.አ. በ767 አካባቢ ነው፤ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ህልፈት ከ135 ዓመት ገደማ በኋላ። ይህ ትረካውን ውሸት አያደርገውም። ግን ሌላ ምንጭ ስለሆነ ደብተሬ ላይ ለብቻው መስመር ሰጠሁት።

ቀጥዬ ድንጋዩ ጋ ደረስኩ። በደቡብ ሳዑዲ ሙረይጋን የሚባል ቦታ እ.ኤ.አ. በ1951 የተገኘ ጽሑፍ ነው፤ ያስቀረጸው ራሱ አብረሃ። በሒምየር (በጥንቱ የየመን መንግሥት) አቆጣጠር 662 ይላል፤ እ.ኤ.አ. 552 መሆኑ ነው። መዐድ በሚባሉት ዐረቦች ላይ ዘምቶ ድል አድርጎ እንደተመለሰ ይናገራል። ዝሆን የለም፣ መካም የለችም። መቼስ የትኛው ንጉሥ ነው ሽንፈቱን ድንጋይ ላይ የሚያስቀርጸው? ስለዚህ ዝምታው ላይ ብዙ አልመዝንም። ከ570 ጋር ያለው የ18 ዓመት ልዩነት ግን አለ። አንዳንድ አጥኚዎች ዘመቻዎቹ ሁለት ናቸው ይላሉ። ሌሎቹ 570 ራሱ በኋላ የተሰላ ነው ባይ ናቸው። እኔ ወደ ሁለተኛው አዘነብላለሁ፤ በእርሳስ ነው የጻፍኩት።

ከሁሉም የገረመኝ የመን ያለው ጥንታዊው የማሪብ ግድብ ነው። ሱረቱ ሰበእ «ሰይለል ዐሪም» ስለሚባል ጎርፍ ትናገራለች። «ዐሪም» ምንድን ነው በሚለው ላይ ሙፈሲሮቹ (የቁርአን ተርጓሚዎቹ) ተለያይተዋል፤ ሸለቆ ያለ አለ፣ ኃይለኛ ዝናብ ያለ አለ፣ ግድብ ያለም አለ። አብረሃ ደግሞ በ540ዎቹ መጨረሻ ያንን ግድብ ሲያስጠግን 136 መስመር ያስጻፈበት ሐውልት አለ። እዚያ ላይ ግድቡ የሚጠራው «ዐረም» በሚለው ቃል ነው። ሙፈሲሮቹን ያከራከረው የየመኖች ቃል አያው ውስጥ እንዳለ ተቀምጧል። ታሪክ ማለት የነገሥታት ስምና ዓመት ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን አሳዩት። የሙረይጋኑ ጽሑፍም «በራሕማናንና በመሲሑ ኃይል» ብሎ ነው የሚጀምረው። ራሕማን የሚለውን ስም ከአንድ ክርስቲያን ንጉሥ ድንጋይ ላይ አገኛለሁ ብዬ አልጠበቅኩም።

ፊደሉ የኛው የግዕዝ ፊደል ዘመድ ስለሆነ የጽሑፉን ፎቶ ከፍቼ ፊደል በፊደል ላነብ ሞከርኩ። ዐ ክብ ነው፣ ልክ እንደኛው። በ እና ሐም ብዙ አላስቸገሩኝም። መ ላይ ግን ተሸነፍኩ፤ ከቀኝ ወደ ግራ መነበቡን እንኳ የነቃሁት ግማሽ ሰዓት ከባከነ በኋላ ነው።

ቀጣዩ ስለ ሮማውያን (ቢዛንታይኖች) ሽንፈት የሚናገረው ሱረቱ ሩም ነው፤ ፋርሶች ኢየሩሳሌምን ከያዙበት ከ614 ጋር አያይዤ ላነበው ነው። የዘመኑን የግሪክ ጸሐፊዎች ያነበበ ካለ፣ ከየትኛው ብጀምር ይሻለኛል?