ጥፋቱ የአማርኛችን አልነበረም

አብሮ አደጌ ከድሬዳዋ ደውላ «እዚያ አገርም ሕፃን ጆሮውን ይታመማል እንዴ?» አለችኝ። ይታመማል እንጂ! እዚህ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ ብርዱ ሲጠና ልጆች በሕፃናት ማቆያ ታጭቀው ይውላሉ፤ የአንዱ ጉንፋን ሁሉንም ያዳርሳል። የልጄ ጉንፋን ደግሞ ጆሮውን ሳያመግል አይለቅም ነበር። አንቲባዮቲኩን በጨረሰ ማግስት እንደገና ትኩሳት፣ እንደገና ለቅሶ።

ይህን ቻልኩት። ያልቻልኩት የማቆያዋን ኃላፊ ንግግር ነው። ልጁ ሲጠሩት አይዞርም፣ አፉንም አልፈታም ብላ አስጠራችኝና ሌሎች ወላጆች እየሰሙ «ቤት ውስጥ አማርኛ ማውራቱን ብትተዉት ይሻላል፤ ቋንቋ ተደበላልቆበታል» አለችኝ። ፊቴ ጋለ። እኔ የገንደ ቆሬ ልጅ ነኝ! በእኛ ሰፈር ሕፃን ቀፊራ ገበያ ተልኮ ከአንዷ ጋር በኦሮምኛ፣ ከጎኗ ካለችው ጋር በሶማልኛ ተከራክሮ ሎሚውን ገዝቶ ይመጣል፤ ቤት ገብቶ መልሱን የሚያስረክበው በአማርኛ ነው። ቋንቋ በዝቶበት አንደበቱ የተያዘ የድሬ ልጅ አይቼ አላውቅም።

ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። የጆሮውን ታምቡር እንቅስቃሴ የሚለካው መሣሪያ ወረቀት አወጣ፤ ሽቅብ ወጥቶ መውረድ የነበረበት መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ዝርግ ነው። ከታምቡሩ ጀርባ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ከሦስት ወር በላይ ቆይቷል። ጆሮን ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘው መተላለፊያ በሕፃናት ላይ አጭርና አግድም ስለሆነ ፈሳሹ በቀላሉ አይወርድም። ልጄ ሰነፍ አልነበረም፤ ድምፅ ታፍኖ ነበር የሚደርሰው። በማደንዘዣ አስተኝተው የሩዝ ፍሬ የማታክል ቱቦ በየታምቡሩ ላይ ተከሉለት፤ ሥራው 15 ደቂቃ አልሞላም። ቱቦዋ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች።

እናቴ «ጆሮውን በሱት?» ብላ አለቀሰች። «ጤና አዳም በዘይት አሙቀሽ ጠብ አታደርጊለትም ነበር?» እናቶቻችን ይህን የሚሉት ከፍቅር ነው። ነገር ግን እባካችሁ፣ ታምቡሩ የተቀደደ ወይም ቱቦ የገባበት ጆሮ ውስጥ ዘይት አታንጠባጥቡ፤ ወደ ውስጥ ይዘልቃል። አገር ቤት ከጆሮ መግል ሲፈስ «ሲያድግ ይተወዋል» እንላለን፤ እዚህ ደግሞ ጆሮውን ሳያዩ በቋንቋችን ይፈርዳሉ። በሁለቱም መካከል የሚጎዳው ልጅ ነው።

ልጅ ይዛችሁ ለመምጣት የምታስቡ፣ «ንግግሩ ዘገየ» ከተባላችሁ ከሁሉ በፊት የመስማት ምርመራ ይደረግለት በሉ። በ6 ወር ውስጥ 3 ጊዜ፣ ወይም በዓመት 4 ጊዜ ጆሮው ካመገለ ወደ ጆሮ ስፔሻሊስት ላኩን ብላችሁ ጠይቁ። አስተርጓሚ ለመጠየቅም አትፈሩ፤ የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ያለ ክፍያ የማቅረብ ግዴታ አለበት። አማርኛችሁን ግን ማንም አያስጥላችሁ።

ኃላፊዋ ይቅርታ አልጠየቀችኝም። የምርመራው ወረቀት ቅጂ ከልጄ ማኅደር ጋር እንዲያያዝ ጠየቅሁ፤ ቆሜ አስያዝኩት።