ደቻቱ የወሰደውን ወንድሜን ገብርኤል መለሰልን

የአዋሽ ፈንታሌ ሰው በ2017 መሬቱ እየተንቀጠቀጠበት ቤቱን ጥሎ ሜዳ ላይ ሲያድር ሁላችንም በዜና አይተናል፤ አዝነንም ጸልየናል። የድሬዳዋን ሰው ግን ምን ትፈራለህ ብትሉት ሳያስብ ጎርፍ ይላችኋል። ድሬ የሚመጣው ጎርፍ ደግሞ ለየት ይላል።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ደቻቱ ከተማችንን ከዚራና መጋላ ብሎ ለሁለት የሚከፍል ወንዝ ነው። ወንዝ ይባል እንጂ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው በእግሩ ያቋርጠዋል፣ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴ ሸቀጡን ይዘረጋበታል። ውሃው የሚመጣው ከላይ፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ ነው። ተራራው ተራቁቷል። ዝናብ ሲጥል የሚይዘው ስለሌለ አፈሩንም ድንጋዩንም ጠራርጎ ቁልቁል ይለቀዋል። ድሬ ላይ ጠብ ሳይል ደቻቱ ሊሞላ ይችላል። የእኛ ሰው ደመና ሲያይ መጀመሪያ ወደ ደንገጎ የሚያንጋጥጠው ለዚህ ነው።

የምመሰክረው በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ 30፣ ቅዳሜ ለእሁድ አጥቢያ ስለሆነው ነው። ሰኞ ፍልሰታ ሊገባ ነበር። ቤታችን ከቀፊራ ገበያ ብዙም ሳይርቅ ደቻቱ ዳር ነበር። አባታችን በጂቡቲ መስመር ሹፌር ስለነበር ያን ሌሊት አልነበረም። እማዬ፣ እኔና ትንሹ ወንድሜ ብቻ ነበርን። ወንድሜ ሙቀቱ አላስተኛው ብሎ ግቢ ውስጥ ሽቦ አልጋ ላይ ተኝቷል። ድሬ ያደገ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ በሙቀት ጊዜ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል?

እማዬ ሌሊት ተነስታ የመጸለይ ልማድ አላት። ያን ሌሊትም ሻማ አብርታ ውዳሴ ማርያም እያደረሰች ነበር። ከላይ በኩል የባቡር የሚመስል ድምፅ ሰማች። በዚያ ሰዓት ባቡር የለም። ወዲያው ገባትና «ልጄ ተነሺ! ውሃ! ወንድምሽን!» ብላ ጮኸች። ተስፈንጥሬ ተነሳሁ። በሩን ስንከፍተው ውሃው ቀድሞን ግቢ ገብቷል። ጥቁር ነው፤ ጭቃ፣ ጭቃ ይሸታል። የግቢው አጥር በአንድ ጊዜ ተደርምሶ ሲወድቅ አየሁ። አልጋው የለም። ወንድሜም የለም።

እማዬ ውሃው ውስጥ ልትገባ ስትል ጎረቤታችን ወገቧን ይዞ አስቀራት። እየጎተተ የእሱ ቤት ጣሪያ ላይ አወጣን። እዚያ ቆርቆሮ ላይ ሆነን ያየሁትንና የሰማሁትን ሁሉ አልጽፈውም። ሰው በስም እየተጣራ ይሄዳል፤ ከዚያ ድምፁ ይጠፋል። ይኼ ይበቃል።

እማዬ አላለቀሰችም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ ፊቷን ወደ ቁልቢ አዙራ ቆመች። ከቀናት በፊት ሐምሌ 19 ቁልቢ ደርሳ ነበር የተመለሰችው። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያወጣህ፣ ልጄን ከውሃ አውጣልኝ። ጥላ አስገባልሃለሁ፤ ከደቻቱ ድንጋይ ተሸክሜ ዳገትህን በባዶ እግሬ እወጣለሁ» አለች። እኔም በልቤ «ወንድሜን ካገኘሁት ለሰው ሁሉ እናገራለሁ» ብዬ ተሳልኩ። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ያ ስለት ስላለብኝ ነው።

ሲነጋ ውሃው ጎደለ። ድሬ ድሬ አትመስልም። መኪና በጀርባው ተገልብጦ ጭቃ ውስጥ ተቀብሯል፤ ቤት የነበረበት ቦታ ላይ አሸዋ ብቻ ቀርቷል። ሰው ሁሉ ዘመዱን ይፈልጋል። ሬሳ ወዳለበት እየሄድን ጨርቅ ገለጥን። እማዬ ጨርቅ በገለጠች ቁጥር «እግዚአብሔር ነፍስህን ይማር» ትላለች፣ ለማታውቀው ሰው። ቀጥላ ሌላውን ትገልጣለች።

ረፋድ ላይ አንድ ጎረምሳ ሮጦ መጣ። ታች በኩል አንድ ልጅ ከዛፍ ላይ ወርዶ እናቱን እየጠራ ነው አለን። እንዴት እንደደረስን አላውቅም። አንዲት አዴ (እኛ ጋ እናት የሆኑ ትልቅ ሴት እንዲህ ነው የሚጠሩት) ደጃቸው ላይ ተቀምጠዋል። ወንድሜ የእሳቸውን ድሪያ፣ ያን ስስ የሴት ቀሚስ ለብሶ፣ እግሩ በጭቃ ተለውሶ፣ በጣሳ ሻይ ይጠጣል። ግንባሩ ተሰንጥቋል። እማዬ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አዴ ብድግ አደረጓት። «አቦ አታልቅሺ፣ ልጅሽ ደህና ነው። አላህ ነው ያወጣው። ሌሊቱን ሙሉ ኒም ዛፉ ላይ ሆኖ ገብርኤል፣ ገብርኤል ሲል ነው ያደረው። ልጆቼ ውሃው ጋብ ሲል አወረዱት» አሏት።

ወንድሜ በኋላ እንደነገረን፣ አልጋው ተንሳፍፎ ይዞት ሄደ፤ ከዚያ ውሃው ኒም ዛፍ ላይ ወረወረው። ቅርንጫፉን ማን እንዳስያዘው አያውቅም። ገና ሕፃን ነበር፤ መዋኘት የት ተምሮ? ሌሊቱን ሙሉ በዚያ ጉልበት እንዴት ተንጠልጥሎ አደረ? እኔ አንድ መልስ ብቻ ነው ያለኝ።

ያን ሌሊት ከ250 በላይ ሰው አልቋል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ቤት አልባ ሆነ። እኛም ክረምቱን ድንኳን ውስጥ ነው የገፋነው። ከሞቱት መካከል ከእማዬ ጋር አንድ ማኅበር የምትጠጣ፣ ከእሷ በላይ የምትጸልይ ጎረቤታችን አለች፤ ከሁለት ልጆቿ ጋር ሄደች። «እሷስ አልጸለየችም?» ብዬ እማዬን ጠይቄያት ነበር። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና «ጸልያለች። ለምን እንደሆነ እሱ ያውቃል። እኔ የተደረገልኝን ከመናገር አልቦዝንም፣ እሷንም ከመዝከር አልቦዝንም» አለችኝ። እስካሁን ከዚህ የተሻለ የነገረኝ ሰው የለም። እማዬ በየዓመቱ ሐምሌ 30 ለጎረቤታችን ጠበል ጸዲቅ ታዘጋጃለች። አዴም እስከ ዕለተ ሞታቸው ድረስ ቡና ሊጠጡ ይመጡ ነበር።

ታህሳስ 19 ቀን 1999 ስለቱ ገባ። እማዬ ከደቻቱ አሸዋ ያነሳችውን ድንጋይ በጀርባዋ አዝላ፣ ጫማዋን አውልቃ የቁልቢን ዳገት ወጣች። ወንድሜ ጥላውን ተሸክሞ ከፊቷ ይሄዳል። ልርዳሽ ብላት አልሰጥም አለች።

ከዚያ ወዲህ ደቻቱ ዳር የጎርፍ መከላከያ ግንብ ተሠርቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ግን በ2012 ሚያዝያ ላይም ጎርፍ ገብቶ ሰው ሞቷል። ስለዚህ ወንዙ ዳር ያላችሁ እባካችሁ ከደንገጎ በኩል ሲጠቁር ዕቃ እንሰብስብ አትበሉ፣ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ጎረቤታችሁንም ቀስቅሱ።

ወንድሜ ዛሬ እዚሁ ድሬ ሳቢያን ሰፈር ቤት ሠርቶ የሁለት ልጆች አባት ሆኗል። የግንባሩ ጠባሳ አልጠፋም። ዘንድሮም ታህሳስ ላይ ልጆቹን ይዘን ቁልቢ እንወጣለን። በዚያ ሌሊት የሄዱትን ሁሉ፣ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም፣ እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ይማርልን።